ነጥብ ልትከል ወይስ ዙሪያውን ልሳል? የአንድ ካርታ ማጽዳት ማስታወሻ

ቀን 1

ኦፕንስትሪትማፕ ላይ ሳየው የሚያበሳጨኝ አንድ አካባቢ አለ። ሰፊ አይደለም፤ ከዳር እስከ ዳር በእግር ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው። መንገዶቹን ማን እንደሳላቸው እንጃ፣ እጁን ይባርከው። ቦታዎቹ ግን ዝብርቅርቃቸው ወጥቷል። አንዱ ትምህርት ቤት ነጥብ ብቻ ነው። ሁለተኛው ሙሉ ግቢው ተስሏል። ሦስተኛው ነጥብም ግቢም ሆኖ ሁለት ጊዜ ተቀምጧል። ሐኪም ቤቱ ደግሞ አስፋልት መሃል ቆሟል። በየማታው እየተቀመጥኩ ላጸዳው ወስኛለሁ። ያጋጠመኝን እዚህ እጽፋለሁ።

ካርታ አርሞ ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልበል። ኦፕንስትሪትማፕን በ2004 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር የጀመረው ስቲቭ ኮስት ነው። ማንም ሰው ገብቶ የሚጨምርበት፣ የሚያርመው ካርታ ነው። ላዩን ሲያዩት ብዙ ነገር የያዘ ይመስላል። ከሥሩ ያሉት ግን ሦስት ነገሮች ብቻ ናቸው። መጀመሪያ ነጥብ አለ፤ አንድ ኬክሮስና አንድ ኬንትሮስ። ቀጥሎ ነጥቦች በተራ ተያይዘው የሚሠሩት መስመር አለ፤ ዌይ ይሉታል። ከዚያ ነጥብና መስመር አንድ ላይ የሚታቀፉበት ሪሌሽን አለ። "ይሄ ትምህርት ቤት ነው፣ ስሙ እንትን ነው" የሚለው መረጃ በታግ ይለጠፍባቸዋል።

ልብ በሉ፤ "ስፋት" የሚባል አራተኛ ነገር የለም። ፖሊጎን የምንለው ዞሮ ዞሮ ከተነሳበት ነጥብ ጋር የገጠመ መስመር ነው። የገጠመ ሁሉ ደግሞ ስፋት አይደለም። አደባባይ ዞሮ ይገጥማል፤ ነገር ግን መንገድ ነው። ሕንፃም ይገጥማል፤ እሱ ስፋት ነው። ልዩነቱን የሚናገረው ታጉ ነው። እኔ ይሄን ለመረዳት ወራት ፈጅቶብኛል፤ መጀመሪያ የሳልኳቸውን አደባባዮች ባታዩ ይሻላል።

ቀን 2

በድርቦቹ ጀመርኩ። ኦቨርፓስ ተርቦ በሚባለው መጠየቂያ "በዚህ አካባቢ ያሉ ትምህርት ቤቶችን በሙሉ አምጣ" አልኩት። አሥራ አንድ አመጣ። በሳተላይት ምስሉ ላይ ብቆጥር፣ ብመላለስ፣ ከሰባት አይበልጡም። አራቱ ሁለት ጊዜ የተቆጠሩ ናቸው። ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው፦ አንድ ሰው ድሮ በስልኩ ነጥብ ተከለ። ከዓመታት በኋላ ሌላ ሰው ምስሉን እያየ ግቢውን ሳለና "ትምህርት ቤት" ብሎ ታግ ለጠፈበት። ነጥቡን ግን አላየውም፣ ወይም ማጥፋት ፈርቶ ተወው። ካርታው ላይ ለሚያይ ሰው ብዙም አያስታውቅም፤ ስሙ ሁለት ቦታ ተጽፎ ቢታይ ነው። መረጃውን አውርዶ ለሚቆጥር ሰው ግን አራት ትምህርት ቤት ከሰማይ ወረደ ማለት ነው።

የካርታው ማኅበረሰብ ለዚህ አንድ ደንብ አለው፤ መሬት ላይ ያለ አንድ ነገር ካርታው ላይም አንድ ብቻ ይሁን። ቀላል ይመስላል። ሥራው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ነጥቡን ዝም ብሎ ማጥፋት አይገባም። ነጥቡ ላይ ስልክ ቁጥር፣ የቀድሞ ስም፣ የክፍል ደረጃ ሊኖር ይችላል፤ ፖሊጎኑ ላይ እነዚህ የሉም። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ መርጦ ማዋሃድ ነው። አይዲ በተባለው ኤዲተር "አዋህድ" ሲሉት የነጥቡ ታጎች ወደ ፖሊጎኑ ይዛወራሉ። ጆሰም በተባለው ሌላ ኤዲተር ላይ ደግሞ ቅርፅን የሚተካ ተጨማሪ መሣሪያ አለ። እሱ የድሮውን ነጥብ አይጥለውም፤ ከፖሊጎኑ ማዕዘኖች አንዱ ያደርገዋል። የመጀመሪያው ሰው የሠራው ታሪክ እንዳለ ይቆያል። እኔ ይሄ ደስ ይለኛል። ያ ሰው በእግሩ ሄዶ የተከለው ነጥብ ነው፤ እንደ ቆሻሻ መጣል የለበትም።

ሦስቱን በሰላም አዋሃድኩ። አራተኛው ላይ ተጣበቅኩ። ነጥቡና ፖሊጎኑ የተለያየ ስም ይዘዋል። የቱ ነው ትክክሉ? ከወንበር ላይ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም።

ቀን 3

ሄድኩ። በሩ ላይ የተጻፈው የፖሊጎኑ ስም ነው። ዘበኛው ግን በነጥቡ ስም ጠራው፤ "ድሮ እንደዚያ ነበር፣ ሰውም አሁን ድረስ እንደዚያው ይለዋል" አለኝ። ስለዚህ አዲሱን ዋና ስም አደረግኩት፣ ሌላውን "የድሮ ስም" በሚለው ታግ አስቀመጥኩ። በሁለቱም ሲፈለግ ይገኛል።

እዚያው እያለሁ ያየሁት፦ ሳዩ የግቢውን አጥር ትቶ ትልቁን ሕንፃ ብቻ ስሎ ነበር "ትምህርት ቤት" ያለው። እንዲህ ሲሆን የኳስ ሜዳውና ሌሎቹ ክፍሎች ከትምህርት ቤቱ ውጭ ቀሩ። የትምህርት ቤት ታግ መቀመጥ ያለበት ግቢው ላይ ነው። ሕንፃው የሕንፃ ታግ ብቻ ይበቃዋል።

ቀን 4

ሐኪም ቤቱ። አስፋልት መሃል የቆመውን ነጥብ ወደ ግቢው አስገባሁት፣ ዙሪያውን ስዬ አዋሃድኩት። ጨረስኩ ብዬ ሻይ ላፈላ ተነሳሁ። ከዚያ ለሙከራ ብዬ መንገድ ጠቋሚውን "ወደ ሐኪም ቤቱ ውሰደኝ" አልኩት።

የወሰደኝ ከኋላ ነው። አጥሩ ጋ። በር በሌለበት።

ለምን እንደሆነ ሲገባኝ ትንሽ አፈርኩ። ቦታው ፖሊጎን ሲሆን ፈላጊው ፕሮግራም ከመሃሉ አንድ ነጥብ ያወጣል። መንገድ ጠቋሚው ደግሞ ለዚያ ነጥብ የሚቀርበውን መንገድ ያነሳል። ግቢው ትልቅ ነው፤ ለመሃሉ የሚቀርበው ከጀርባ ያለው ጠባብ መንገድ ሆነ። የሚገርመው፣ አስፋልት ላይ ቆሞ የነበረው "የተሳሳተ" ነጥብ ሰውን ትክክለኛው በር ጋ ያደርስ ነበር! ምናልባት ያ ሰው ሆን ብሎ ነው እዚያ የተከለው። እኔ አሳምሬ ስዬ በሽተኛውን ከአጥር ጋር አፋጠጥኩት።

መፍትሔው ወደ ድሮው መመለስ አይደለም። አጥሩ ላይ በሩ ባለበት ቦታ አንድ ነጥብ መትከልና "በር" የሚል ታግ መለጠፍ፣ ከበሩ ወደ ውስጥ የሚገባውንም መንገድ መሳል፣ ከዋናው አስፋልት ጋርም ማገናኘት ነው። ግቢው ስፋት ነው፣ በሩ ነጥብ ነው፤ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ ድርብ አይባልም። ውስጥ ያለው መንገድ ከተሳለ በኋላ ለመሃሉ የሚቀርበው እሱ ሆነ፤ ጠቋሚው በፊት ለፊት በር ይገባል። የድንገተኛ ክፍሉን መግቢያም ለብቻው አስቀመጥኩ። ትልቅ ግቢ ስትስሉ በሩን ሳትተክሉ አትነሱ።

ቀን 5

ዛሬ ሕንፃ ብቻ። አሰልቺ ነው። ሁለት ነገር ብቻ ልጻፍ። የሳተላይት ምስል ጥቂት ሜትሮች ሊንሸራተት ይችላል፤ ከመሳልህ በፊት ሰዎች በጂፒኤስ ከቀረጿቸው ዱካዎች ጋር አስተያየው። ረጅም ሕንፃ ደግሞ ምስሉ ላይ ያጋድላል። የሚሳለው እግሩ ነው፤ ጣሪያው አይደለም። ጣሪያውን ተከትለህ ከሳልክ ሕንፃው ጎረቤቱ ላይ ይወጣል።

ቀን 6

የሰፈሮቹ ተራ ደረሰ። እስካሁን የሠራሁት አጥር ያለው ነገር ነው። አጥር ያለውን መሳል ቀላል ነው፤ ዓይን ብቻ ይበቃል። ሰፈር ግን አጥር የለውም።

እዚህ አካባቢ አንድ ሰፈር በፖሊጎን ተስሏል። ጠርዙ ቀጥ ቀጥ ያለ ነው፤ መንገድ ይከተላል፣ ከዚያ ድንገት በሰው ቤት መሃል ያልፋል። ማነው እንዲህ ያለው? የሳለውን ሰው በቼንጅሴቱ ላይ ጠየቅኩት፤ ይሄ የምታደርገውን ለውጥ አንድ ላይ ጠቅልሎ የሚያስቀምጠው ጥቅል ነው፣ ሰው አስተያየት ሊጽፍበት ይችላል። "ሰላም፣ የዚህን ሰፈር ወሰን ከየት እንዳገኘኸው ልትነግረኝ ትችላለህ?" አልኩ። ማታ መለሰ፦ "እውነቱን ልንገርህ፣ መሳል ስለነበረብኝ በግምት ነው የሳልኩት። ባዶ ከሚሆን ብዬ።"

መልሱን ወደድኩት። ሐቀኛ ነው። ግን ችግሩም እዚያው ነው ያለው። ማን መሳል አለብህ አለው?

ቀን 7

በእግሬ ወጣሁ። ለሦስት ሰዎች "ይሄ ሰፈር የት ያበቃል?" የሚል ጥያቄ አነሳሁ። አንዱ ወጣት "እስከ ድልድዩ ነው" አለ። አንድ ባለሱቅ "ድልድዩንማ አልፎ ነው፣ እስከ ዳገቱ" አለ። በር ላይ ተቀምጠው የነበሩ አንዲት እናት ጋ ቀረብ አልኩና "እማማ፣ እርስዎ ያሉበት የዚህ ሰፈር ነው ወይስ የዚያኛው?" ብዬ ጠየቅኳቸው። አየት አደረጉኝና "እንደጠያቂው ነው ልጄ" አሉ።

በነገራችን ላይ ሦስቱም "መሃሉስ የት ነው?" ስላቸው ያለ ማመንታት አንድ ቦታ ነው የጠቆሙት፤ አራቱ መንገዶች የሚገናኙበት።

ቀን 8

ትናንት የሰማሁትን ይዤ ስለዚህ ነገር ደጋግሜ አሰብኩ። ነጥብ ስትተክል የምትለው "እዚህ ጋ ነው" ብቻ ነው። ፖሊጎን ስትስል ግን "ከዚህ እስከዚህ ነው፣ ከዚህ ወዲያ አይደለም" እያልክ ነው። ሁለተኛው ብዙ ማወቅ ይጠይቃል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ጥርጣሬህን አያውቅልህም። ኦፕንስትሪትማፕ የእያንዳንዱን ነጥብ ኬክሮስና ኬንትሮስ በዲግሪ፣ ከአሥርዮሽ ነጥቡ በኋላ እስከ 7 አሃዝ ይመዘግባል፤ ምድር ወገብ ላይ አንዷ የመጨረሻ አሃዝ አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ናት። ስለዚህ "ድልድዩ ጋ መሰለኝ" ብለህ የጠቀስከው ጠርዝ በሴንቲሜትር ልክ ተጽፎ ይቀመጣል። ሌላ ሰው አውርዶ ሲያየው ግምት መሆኑ በምን ይገባዋል? አንዲት ቤት ውስጥ ናት ወይስ ውጭ ብሎ ይጠይቀዋል፤ መረጃውም አይኑን ሳያሽ ይመልስለታል።

ሰፈሩን በነጥብ አደረግኩት። መንገዶቹ የሚገናኙበት ላይ። ይሄም ልብ የሚባል ነገር አለው፦ የሰፈር ወይም የመንደር ነጥብ የሚተከለው ሰው "መሃል" የሚለው ቦታ ላይ እንጂ በሒሳብ የወጣ የስፋቱ መሃል ላይ አይደለም። በሒሳብ ብትሄድ ገደል ውስጥ ወይ ማሳ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ፖሊጎኑን ከማጥፋቴ በፊት ለሳለው ሰው ጻፍኩለት። "አጥፋው፣ እኔም ሲያሳስበኝ ነበር" አለ።

አንድ ነገር ግን ላስተካክል፣ ሰው "ሰፈር ሁሉ ነጥብ ይሁን" ያልኩ እንዳይመስለው። ወሰኑ በሕግ የተቀመጠ አስተዳደር ካለ እሱ ይሳላል፤ የአስተዳደር ወሰን ተብሎ፣ በሪሌሽን። በዚያ ጊዜ የመንደሩ ነጥብም ይቆያል፤ ሪሌሽኑ ውስጥ "የስሙ ቦታ" ወይም "የአስተዳደሩ መቀመጫ" የሚል ሚና ይሰጠዋል። ኖሚናቲም የተባለው ፈላጊ ይሄን አይቶ ሁለቱን ያያይዛቸዋል። ሰው የሚኖርበት መንደርና መሥሪያ ቤት የሚያስተዳድረው ወሰን አንድ ስም ቢይዙም አንድ ነገር አይደሉም። እነዚህን ጭፍልቅ አድርጎ አንድ ማድረግ ከድርቡ የባሰ ስህተት ነው።

ቀን 9

ዛሬ ደሴት አሰመጥኩ።

ከአካባቢው ዳር ሐይቅ አለ፣ መሃሉ ላይ ደሴት። እንዲህ ዓይነቱ ነገር በአንድ የገጠመ መስመር አይገለጽም፤ ቀዳዳ አለውና። ስለዚህ መልቲፖሊጎን ይሠራል፦ ሪሌሽን ነው፣ የውጪው ጠርዝ "ውጪ" የሚል ሚና ይይዛል፣ የደሴቱ ጠርዝ "ውስጥ" የሚል። ውሃው በሁለቱ መካከል ነው። የሐይቁ ጠርዝ ራሱ በብዙ መስመር ተቆራርጧል፤ አንድ መስመር ከ2000 ነጥብ በላይ መያዝ አይፈቀድለትም።

የደሴቱ ጠርዝ ሻካራ ነበር፣ በሰባት ስምንት ነጥብ የተሳለ። ላሳምረው ብዬ በአዲስ መስመር ሳልኩት፣ አሮጌውን አጠፋሁ። ኤዲተሩ "ይሄ የሪሌሽን አባል ነው፣ እርግጠኛ ነህ?" አለ። አዎ አልኩ። ሰው ስንት ማስጠንቀቂያ ያነባል? ላክሁት። ካርታው እንደገና ሲሣል ደሴቱ የለም። ቤቶቹና መንገዱ ግን አሉ፤ ውሃ ላይ ተንሳፍፈው። አዲሱ መስመር ሪሌሽኑ ውስጥ አልገባም፤ ስለዚህ ቀዳዳው ተደፈነ።

ሰዓት ሳይሞላ አንድ የማላውቀው ካርታ ሠሪ ጻፈ፦ "ወንድሜ፣ ደሴቷን የት አደረስካት?" "ውሃ ውስጥ ናት፣ አሁን አወጣታለሁ" አልኩት። አዲሱን መስመር ሪሌሽኑ ውስጥ አስገባሁ፣ "ውስጥ" የሚል ሚና ሰጠሁት፣ ተመለሰች። እንግዲህ ማስጠንቀቂያ ማንበብ ጀምሬያለሁ። እስከመቼ እንደሆነ አላውቅም።

ቀን 11

ትናንት አረፍኩ። ዛሬ ኮረብታውና የሐይቁ ባሕረ ሰላጤ።

ኮረብታው ቶሎ አለቀ። ጫፍ አለው፣ ጫፉ ነጥብ ነው፣ ከፍታው በታግ ይጻፋል። ኮረብታው ከሜዳው የሚለይበትን መስመር መሬት ላይ አሳየኝ ብትለኝ አላሳይህም።

ባሕረ ሰላጤው አከራከረኝ፣ ከራሴ ጋር። በሦስት በኩል ጠርዝ አለው፤ የሐይቁ ዳርቻ ራሱ ነው። አራተኛው በኩል ክፍት ውሃ ነው። እዚያ ላይ የሚሰመር መስመር ሁሉ የሳዩ ፈጠራ ነው። ታዲያ ብዙ ሰው ለምን በፖሊጎን ይስለዋል? ምክንያት አለው። ካርታውን የሚሥለው ፕሮግራም የቦታን ስም ከየትኛው ርቀት ጀምሮ ማሳየት እንዳለበት በስፋቱ ይመዝናል። ነጥብ ስፋት የለውም። ግዙፍ ባሕረ ሰላጤና ጀልባ የማታዞርበት ጥጋት በነጥብ ከተቀመጡ እኩል ይሆናሉ። ይሄ ከንቱ ምክንያት አይደለም።

ሆኖም ካርታው እንዲያምር ብሎ መረጃውን ማጣመም በዚህ ሥራ ላይ የታወቀ ነውር ነው። እኔ መካከለኛ መንገድ ያዝኩ። የዚህኛው አፍ ጠባብ ነው፣ ውሃው ውስጥ የገቡ ሁለት ግልጽ የመሬት ራሶች አሉት፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መስመር ቢሰመር የሚከራከር አይኖርም። ስለዚህ ሳልኩት። አፉ የተንሰራፋ ቢሆን ነጥብ ተክዬ ነበር የምሄደው። ሌላ ሰው በተቃራኒው ሊያደርግ ይችላል፤ አልጣላውም።

ቀን 12

አንዱ ትምህርት ቤት ስሙ ጎረቤት ማሳ ላይ ተጽፎ አገኘሁት፤ አንድ ሌላ ካርታ ላይ ነው ያየሁት። ግቢው የፈረስ ኮቴ ቅርፅ አለው። እንዲህ ላለው ቅርፅ በተራ ሒሳብ መሃሉን ብታወጣ ከቅርፁ ውጭ ይወድቃል። መፍትሔ ያለው ነገር ነው፤ ፖስትጂአይኤስ የተባለው የካርታ መረጃ ቋት ከቅርፁ ውስጥ የማይወጣ ነጥብ የሚያወጣ ትእዛዝ አለው። ከጠርዞቹ ሁሉ ይበልጥ የሚርቀውን የውስጥ ነጥብ የሚፈልግም ሌላ ስልት አለ። ስለዚህ ይሄ የመረጃው ጥፋት አይደለም፣ ካርታውን የሠራው ሰው ነው። ስሙ ቦታው እንዲገባ ብዬ ግቢው ውስጥ ሁለተኛ ነጥብ ብተክል የቀን 2 ሥራዬን መልሼ አበላሸሁት ማለት ነው። ተውኩት።

ቀን 14

የቀረው አንድ ነጥብ ነው። ስም የለውም። ታጉ "የውሃ ጉድጓድ" ይላል። የተተከለው ከብዙ ዓመት በፊት ነው፣ ተካዩም ከዚያ ወዲህ ካርታው ላይ የለም። ምስሉ ላይ በቦታው የሚታየው ትልቅ ዛፍ ብቻ ነው። ትናንት ማታ ላጠፋው ጠቅ አድርጌ ነበር፣ ከዚያ "ልሂድና ልየው" አልኩ።

ዛሬ ሄድኩ። ዛፉ ቅርንጫፉ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም። ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ጉድጓዱ ግንዱ ሥር ነው፤ በድንጋይ ተከቧል፣ ገመዱም አዲስ ነው። የገመዱን ጫፍ የያዘች ልጅ "ምን ጠፋብዎት?" አለችኝ።

ስልኬን አውጥቼ ነጥቡን አራት ሜትር አንቀሳቀስኩት፣ የተረጋገጠበትን ቀን ጻፍኩበት። ዙሪያው አንድ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። አልሳልኩትም።